ልጄን «ነይ» ያልኳት ሰሞን

እግሬ አንድ ቤት አይረጋም። ወልድያ የልጅ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፣ ሲሰለቸኝ መርሳ ወንድ ልጄ ቤት እወርዳለሁ፣ ከዚያ ባለቤቴ ማሽላ ከወፍ ወደሚጠብቁበት የግራና መንደር እሻገርና ደግሞ ወደ ወልድያ እመለሳለሁ። የሚኒባስ ረዳቶቹ ለምደውኛል። «እናቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊቆጣጠሩ ነው?» ይሉኛል። «አንተን» እላቸዋለሁ። ያን ሰሞን ግን መንገድ የወጣሁት ወድጄ አልነበረም። መቀመጥ አቅቶኝ ነው።

የመጨረሻ ልጄ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ሊባኖስ ውስጥ የተነሣው ጦርነት ወደ ከተማዋ መቃረቡን በሬዲዮ የሰማሁት ወልድያ ሆኜ፣ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ደወልንላት።

«ምንም የለም እማ፣ እኛ ሰፈር ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ከጀርባዋ የሆነ ነገር ድም አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«በር ነው።»

ትንሽ ቆየና ደግሞ ድም አለ።

«ያም በር ነው?»

«አዎ እማ፣ ነፋስ አለ።»

እንዲህ ያለውን ነፋስ እኔም አውቀዋለሁ። ጦርነቱ እኛ አገር የገባ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ከረመ፤ የተመለሰ ዕለት ልጄ እያለቀሰች ስትደውል የመጀመሪያ ቃሌ «አብሽሪ፣ ምንም አልሆንንም» የሚል ነበር። በሬዎቹ ሄደዋል፣ የመርሳው ቤት ጣራ ወንፊት ሆኗል፣ ጎረቤት ቀብረናል። አንዱንም አልነገርኳት። በእኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ልጅ ክፉ አይነገርም። ምን ታደርግበታለች? ብቻዋን ከማልቀስ ሌላ። እና ያን ቀን የሰጠኋትን ነው መልሳ የሰጠችኝ።

የልጅ ልጄ እዚሁ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ሳይንስ ታስተምራለች። ቤሩት ያለችው አክስቷ ናት፣ ግን በዕድሜ ስለሚቀራረቡ እንደ እህት ነው ያደጉት፤ የአንዷ ቀሚስ የሌላዋም ነበር። ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ጠበቅኳት።

«እናንተ የዓለምን ነገር ታጠኑ የለ? ይሄ ጦርነት ወዴት ነው የሚሄደው?»

«አያቴ፣ እኛ ጠንቋይ አይደለንም እኮ።»

«ጠንቋይማ ቢሆን አንድ ነገር ይለኝ ነበር።»

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ጥናት ነገን አያይም። ብዙ ቦታ የሆነውን ሰብስቦ፣ ምን ከምን ጋር እንደሚመጣ ይመለከታል። ከዚያ በላይ እናውቃለን ካልኩሽ ዋሽቼሻለሁ።»

«ታዲያ የሰበሰባችሁት ምን ይላል? ልጥራት ወይስ ትቆይ?»

ጎንበስ ብላ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። ብትሳሳት የአክስቷ ነፍስ በእሷ እጅ የሚሆን መስሏት ነው። እኔንም የያዘኝ ይኸው ነበር፤ ምክንያቱም ልጄ «አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ እማ» ብላኛለች። ነይ ብላት መንገድ ላይ ቢደርስባትስ? ቆዪ ብላት ቤቱ ቢወድቅባትስ? ዱአ አደረግኩ፣ ተነሣሁ፣ ግቢውን ጠረግኩ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ። አከራይዋ «ኧረ መሬቱ አለቀ!» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ውይይት ተዘጋጀ። የልጅ ልጄ መርሳና ግራና እየወረደች፣ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ካሉ ቤተሰቦች ጋር እየተቀመጠች፣ የሩቁን ጦርነት እንዴት እንደሚከታተሉ ስትጠይቅ ከርማ ነበር። ያንን ነው ለሰው የምታቀርበው። ልምጣ አልኳት። ይሰለችሻል አለችኝ። «እቤት ስዞር ከምውል አዳራሽ ውስጥ ብሰለች ይሻላል» አልኩና ነጠላዬን ለበስኩ።

ተማሪዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ግድግዳው ላይ በመብራት የተሣለ ካርታ ነበር። አጠገቤ ያለችውን ልጅ ሊባኖስ የቱ ነው አልኳት፤ አሳየችኝ። የአውራ ጣቴን ጥፍር አታክልም። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ከዚያች ጥፍር ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

«የዓለም ፖለቲካ የምንለው ነገር በአየር ላይ የሚያልፍብን አይደለም» አለች የልጅ ልጄ፣ የማላውቀው ጠንካራ ድምፅ ይዛ። «ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ሲመታ የግራና ገበሬ ማዳበሪያ መጣ አልመጣ እያለ መንገድ መንገድ ያያል። ቤሩት ላይ ቦምብ ሲወድቅ መርሳ ላይ ሰርግ ይራዘማል።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰርጉን አውቀዋለሁ። «ቤሩት ያለችው እህቴ ሳትመጣ አላገባም» ያለው ልጅ የመርሳ ጎረቤታችን ነው።

ስትጨርስ ጥያቄ ያለው ተባለ። ተነሣሁ። የልጅ ልጄ በዓይኗ «ተይ» አለችኝ፤ አየኋት፣ ግን ተነሥቼ ነበር።

«እኔ ትምህርት ቤት ያልገባሁ ሰው ነኝ። እዚያ ካርታው ላይ ጥፍር በምታክለው ሊባኖስ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለችኝ፤ ሰላም ነው ትለኛለች። ልጥራት ወይስ ትቆይ? ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ሁሉም የልጅ ልጄን አየ፣ እሷ ወረቀቷን አየች። በመጨረሻ ከፊት ወንበር ጸጉራቸው የሸበተ መምህር ቀና አሉ።

«እናታችን፣ ይህንን እኔ ብወስንልዎ ድፍረት ነው። የማውቀውን ግን ልንገርዎ። ሰው ወሬ ሰምቶ ከቤቱ አይወጣም። ጎረቤቱ ፍራሽ ሲጭን ሲያይ ነው የሚወጣው። እኛም ከዚህ ከተማ የወጣነው እንዲያ ነው፤ አይደለም እንዴ?» ብዙ ራስ ተነቀነቀ። «ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ግን ጎረቤት የላትም። የምታየው የአሠሪዎቿን ፊት ነው። እነሱ ካልነገሯት ሁሉም አውቆ ካበቃ በኋላ የምታውቀው እሷ ናት። ሰላም ነው ብትልዎ ዋሽታም ላይሆን ይችላል፤ የምታይበት መስኮት ጠቦ ነው። እርስዎ ከዚህ ሆነው ከእሷ ይልቅ ሰፋ አድርገው ያያሉ። አውሮፕላን ደግሞ እስከ ዛሬ ጧት እየተነሣ ነው፤ ነገን አላውቅም።»

አመስግኜ ተቀመጥኩ። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «አሳፈርኩሽ?» አልኳት የልጅ ልጄን።

«አዎ» አለች። ትንሽ ሄድን። «ትምጣ ነው የምለው እኔም። ስትጠይቂኝ ፈርቼ ነው።»

በነጋታው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ መርሳ ተሳፈርኩ። ወንድሟ ሳይሰማ እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም። ወንድ ልጄ ነገሩን ሰምቶ «ጥሪያት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ። ምራቴ በኢሞ ደወለችላት። ሲሪንቃን አልፌ መርሳ እስክደርስ መንገዱን ሙሉ ቃሉን እየተለማመድኩት ስለመጣሁ፣ ልጄ «ሃሎ» ከማለቷ አወጣሁት።

«ልጄ፣ ነይ። ያለሽን ይዘሽ ቶሎ ነይ።»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አለች።

በእኛ አገር ሩቅ ያለ ሰው ዘመድ ሲሞትበት «ሞተብህ» አይባልም። «ናፍቀኸናል፣ ና» ይባላል። ከመጣ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ተቀምጦ፣ ማለዳ ላይ ነው መርዶውን የሚረዳው። ዓረብ አገር ያለ የእኛ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። በድንገት «ነይ» የተባለች ልጅ ሻንጣ ከማውጣቷ በፊት እንባዋን ታወጣለች። እኔ ስንቱን ሰው በዚህ ቃል ስጠራ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ ስወረውረው አንዲት ጊዜ እንኳ አልታየኝም።

«ማንም አልሞተም፣ ወላሂ!»

«አትማይ እማ! አትማይብኝ! አባባ ናቸው አይደል?»

«አባትሽ ግራና ናቸው፣ ማሽላ እየጠበቁ።»

«ባለፈውም ማሽላ እየጠበቁ ነው አላችሁኝ!»

ባለፈውም ማሽላ እየጠበቁ ነበር። ምን ልበላት? ምራቴ ላግዝ ብላ ስልኩን ቀማችኝ፤ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተዘግቷል። «እህቴ፣ አባባ ደህና ናቸው» ስትላት ድምፁ የለቅሶ ድምፅ ሆነ። ያኔ ከወዲያ በኩል ጩኸት ተሰማ። «እመጣለሁ፣ እመጣለሁ» እያለች ስልኩ ጠፋ።

ምራቴ ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ አየችኝ። «እማማ፣ ይተዉት እንጂ! እመጣለሁ አለች አይደል? ትምጣና አባቷን ቆመው ስታያቸው እልል ትበል።»

ወንድ ልጄ «ሐሳቡ ክፉ አይደለም» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

ክፉ አልነበረም። አንድ ቀን ዝም ብል ልጄ አውሮፕላን ላይ ናት። አፌ «እንግዲያው ይሁን» ሊል ምንም አልቀረውም። ግን በሰው ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀምጣ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር፣ በሕይወት ላሉ አባቷ ስታለቅስ ታየችኝ። ያለቀሰ ሰው ደግሞ መንገድ አያይም። በጦርነት መሐል መንገድ የማታይ ልጅ ምን ይደርስባታል? ተነሣሁ።

«ምሳ ቀርቧል እኮ!» አለች ምራቴ።

«ስልክሽን ያዥና ተከተይኝ።»

እየተነጫነጨች ተከተለችኝ። እስከ ግራና ባጃጁ በየጉድጓዱ ሲያነሣን ሲያወርደን፣ እሷ «ጉንፋኔን ነፋስ አስመቱት» ስትል፣ ደረስን። ባለቤቴ ማሽላው መሐል ከተሠራው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል። ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ከታች ሆኜ ጮኽኩ።

«ሞተዋል!»

«ማን?»

«አንቱ!»

ወንጭፋቸውን አላስቀመጡም። «መቼ?»

«ዛሬ ጧት! ቤሩት ላይ!»

«ሰደቃዬንስ በላችሁ?» አሉ።

ማማው ላይ ወጥተን ነገሩን አስረዳኋቸው። ማማው ሦስት ሰው አይችልም እያሉ ቢያጉረመርሙም ኔትዎርክ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ምራቴ በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ሰጠቻቸው። እሳቸው ደግሞ እንደ ድሮው ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«ጆሮ ነው የሚታየኝ!» ትላለች ልጄ፣ ከአሁን አሁን ልታለቅስ ነው ስል መሳቅ ጀመረች። «የአባባ ጆሮ ነው! ጸጉሩ! ያ ረቢ፣ የአባባ ጆሮ ነው!»

«ማነሽ አንቺ፣ እኔን ማን ነው የገደለኝ?» አሏት። ከዚያ ስልኩን ወዲያ አድርገው «ሃይ! ሃይ! ያች ቀለብ የለሽ!» ብለው ድንጋይ ለቀቁ። ወፎቹ ብር አሉ። ልጄ ሳቋና ለቅሶዋ ተደባልቆ ትንፋሽ አጠራት።

ሲረጋጋላት ስልኩን ተቀበልኩ። ዓይኗ አብጧል።

«እንግዲህ ማንም ካልሞተ» አለች፣ «ለምንድን ነው የምመጣው እማ?»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሞቱን ስወስድባት የምትመጣበትን ምክንያትም አብሬ ወሰድኩባት። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ መምህሩ ያሉኝን ሁሉ እንደመጣልኝ ነገርኳት።

«የቤቱ ሰዎች ምን ይላሉ?» አሉ ባለቤቴ ከጎኔ።

ያኔ ነው እውነቱ የወጣው። የቤቱ ሰዎች ከቤሩት ወጣ ብሎ ወዳለው ተራራ፣ ዘመድ ዘንድ ከሄዱ ሰነባብተዋል። መኪናው ሞላ ብለው እሷንና የባልየውን እናት ትተዋል፤ እንመለሳለን ብለው ነበር። ፓስፖርቷ ከሰውየው ጋር ነው። ድም ድም የሚለውም በር አይደለም።

«አሮጊቷን ለማን ትቼ ልምጣ? ድምፁን ስትሰማ አልጋ ሥር ነው የምትገባው። የማወጣት እኔ ነኝ።»

ያቺ ሴት እኔን ታክላለች። የእኔ ልጅ ለሰው እናት ልጅ ሆናለች፤ ትተሻት ነይ ልበል? ብላትስ ደግሞ ያሳደግኳት ልጅ እሺ ትላለች? ባለቤቴ ማሽላውን እያዩ ቆይተው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክን ፊት ለፊት አዩት።

«አሮጊት አትከብድም። መኪና ፈልጊና ልጇ ዘንድ ውሰጃት። ለእናቱ በሩን ከከፈተ የአንቺንም ወረቀት ይሰጥሻል።»

«ካልከፈተስ አባባ?»

«ካልከፈተ ያኔ እንነጋገራለን።»

እኔም መንገዱ ክፍት ሳለ አልኳት፤ ነገ አትበይ፣ ሌላው እስኪጭን አትጠብቂ። ልጄ ስልኩን አዞረችና ሴትዮዋን አሳየችን። ብርድ ልብስ ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አሰላሙ አለይኩም አልኳት። መለሰችልኝና ብዙ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?»

«ወፎቹን ለምን አይተዋቸውም፣ ስንት ይበላሉ ነው የምትለው።»

ባለቤቴ «ትምጣና ትይ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስልኳ አልሠራ አለ። ግራና መቀመጥ አልቻልኩም፣ መርሳ መጣሁ። መርሳም አልቻልኩም፣ ወደ ወልድያ ተሳፈርኩ፤ ሲሪንቃ ላይ ሚኒባሱ ጠበበኝና ወረድኩ፣ እዚያ ባለው የግብርና ምርምር ጣቢያ አጥር ሥር ወዲህ ወዲያ ስል ቆይቼ ሌላ ሚኒባስ ያዝኩ። የልጅ ልጄ ከክፍል እየወጣች ዜናውን ታነባለች። አሁን ግን እንደ በፊቱ ዝም አትለኝም። «ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ዛሬ አልተመታም፣ ይህን አውቃለሁ» ትለኛለች። «እሷ መንገድ ላይ ትሁን አትሁን፣ ይህን አላውቅም።» የሚታወቀውና የማይታወቀው ተለይቶ ሲነገረኝ ፍርሃቴ አልቀነሰም፤ መጠኑን ግን አወቅኩት።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከተራራው ነው። አንድ ሾፌር ለምና፣ ሴትዮዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቅፋ ነው የወጣችው። ሰውየው በሩን ከፍቶ እናቱን ሲያይ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ አለች። ፓስፖርቷን ሳትጠይቀው አምጥቶ ሰጣት።

«ይዤዋለሁ እማ፣ እጄ ላይ ነው። አሁን በይኝ።»

«ነይ» አልኳት።

መጣች። መርሳ ላይ ከሚኒባስ ስትወርድ አባቷ ማሽላውን ለወፍ ትተው ቆመው ነበር። የጎረቤታችን ሰርግም ተደገሰ፣ የእሱም እህት መጣችና።

አሁን አብራኝ ወልድያ ናት፤ ከልጅ ልጄ ጋር እንደ ድሮው ቀሚስ ይዋዋሳሉ። ግን ቁጭ አትልም። ጧት ትነሣና ወደዚያ ተራራ ትደውላለች። ሰውየው ያነሣል፣ «እናቴ ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይላታል። አስር ሰዓት ላይ ትደውላለች፤ አሁንም ተኝታለች።

«ሁልጊዜ ትተኛለች እንዴ?» አለችኝ ትናንት፣ ስልኩን እንደያዘች ግቢውን እየዞረች። «አሳየኝ ብዬው ነገ አለኝ።»

የልጅ ልጄ ከበረንዳው ላይ ሆና የዛሬውን ዜና ከፈተች። «ተራራው አካባቢ ጸጥ ነው፣ ይህን አውቃለሁ» አለቻት።

«ስለ እሷስ?»

«ስለ እሷ አላውቅም።»

ልጄ እንደገና ደወለች። እኔ መጥረጊያውን አነሣሁ።